የግድቡ ቦንድ በሰበካችን መዝገብ





ከዚህ ከአራዳ ጊዮርጊስ ወደ ፒያሳ ብናቀና፣ ደጎል አደባባይ ላይ መብራት ኃይል ስንለው የኖርነውን መሥሪያ ቤት እናገኛለን። ብዙዎቻችሁ የአጥቢያችሁን የመብራት ጉዳይ ይዛችሁ ደጅ የጠናችሁበት ነው። ዛሬ የምንነጋገረው ግን ኃይሉ የሚመነጭባቸው ታላላቅ ግድቦች በማን ገንዘብ እንደ ተሠሩ፣ የሰበካችሁም ድርሻ በየትኛው መዝገብ እንደ ሰፈረ ነው።

ቆቃ በ1952 ዓ.ም. ሲመረቅ ወጪው የተሸፈነው ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሳ ነበር። ፊንጫ በዓለም ባንክ ብድር ተሠራ። ለ1,870 ሜጋ ዋቱ ግልገል ጊቤ ሦስት ተርባይኖች ከቻይና ባንክ ብድር ተገኘ። ወደ ዓባይ ሲመጣ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። የዓለም ባንክ ደንብ ድንበር ተሻጋሪ ወንዝ ላይ ለሚሠራ ግድብ ከማበደሩ በፊት የተፋሰሱ አገሮች እንዲያውቁት ይጠይቃል፤ የግብጽ ተቃውሞም የታወቀ ነበር። ስለዚህ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ሲቀመጥ 80 ቢሊዮን ብር ገደማ የተገመተው ወጪ ከአገር ውስጥ እንዲሸፈን ተወሰነ።

አብዛኛው የተገኘው ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ብድር ነው። የሕዝቡ ድርሻ በመዋጮና የልማት ባንክ ባወጣው ቦንድ ገባ። እዚህ ላይ ቆም እንበል። መዋጮ ስጦታ ነው፤ ቦንድ ግን ብድር ነው፤ ጊዜው ሲደርስ ይመለሳል። ብዙ አጥቢያ ሁለቱን አንድ አድርጎ ጻፈ።

ሒሳብ ልንመረምር በሄድንበት አንድ ደብር፣ ለጣሪያ ጥገና ከተሰበሰበው ገንዘብ የተገዛ ቦንድ «ለግድቡ የተሰጠ» ተብሎ በወጪ ተመዝግቦ አገኘን። የምስክር ወረቀቱ በደብሩ ስም ሳይሆን በቀድሞው ገንዘብ ያዥ ስም ወጥቶ ነበር፤ እርሳቸውም ዐርፈዋል። ባለቤታቸው ወረቀቱን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡና «የቤተ ክርስቲያን ነው፣ ውሰዱልኝ» አሉን። እኒህ እናት ባይታመኑ ኖሮ ደብሩ የሚያቀርበው ማስረጃ አልነበረውም።

ሌላም መሸሸግ የሌለበት ነገር አለ። ወለዱ 6 በመቶ አካባቢ ሲሆን የሲሚንቶና የቆርቆሮ ዋጋ ከዚያ እጅግ በፈጠነ መንገድ ሮጧል። የተመለሰው ብር ያንኑ ጣሪያ አይከድንም። (ወለድ ለማይቀበሉ ከወለድ ነፃ ቦንድም ነበር፤ የተጠየቅነው ግን ከስንት አንዴ ነው።) ግድቡ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። ምእመኑ ጣሪያውን አዘግይቶ ያበደረው ገንዘብ በዚያ ውስጥ አለበት። ይህን በቃለ ጉባኤ ጽፎ ለሕዝቡ በዐውደ ምሕረት መንገር ለእኛ ሀፍረት አይደለም።

እንግዲህ የዘመኑ ሒሳብ ሰኔ 30 ከመዘጋቱ በፊት የየአጥቢያችሁን ቁም ሣጥን ክፈቱ። የምስክር ወረቀቱን ቁጥር፣ የገዢውን ስም፣ መጠኑንና የመክፈያ ቀኑን ጻፉ። በግለሰብ ስም የወጣ ካለ፣ ባለቤቱ በሕይወት ሳሉ አብራችኋቸው ወደ ባንኩ ሂዱ፤ ዐርፈው ከሆነ ወራሾቻቸውን በአክብሮት ጠይቁ። ቅጹ በመውጫው በር ላይ ተቀምጧል።