የቅጣት ሕግና ከደጅ የሚመለስ ሰው
የቴኔሲ ክፍለ ግዛት ምክር ቤቶች ያካሄዷቸው ሁለት ክርክሮች

(ለማኅበሩ አባላት የተሰጠ ንግግር)



ሕግ አውጪንና መሐንዲስን አንድ የሚያደርጋቸው ጠባይ አለ። ሁለቱም ገና ያልተሠራውን ነገር አስቀድመው በወረቀት ላይ ይነድፋሉ፤ የሁለቱም ንድፍ በሥራ ላይ ሲውል ነዳፊው ባላሰበው መንገድ ሰውን ሊጠቅም ወይም ሊጎዳ ይችላል። ልዩነታቸው ግን ቀላል አይደለም። መሐንዲሱ ድልድዩ ለሕዝብ ከመከፈቱ በፊት ጭነት አሳርፎ ይፈትናል፤ ሕግ አውጪው ግን ንድፉን የሚፈትነው ብዙውን ጊዜ በሕያው ሰው ላይ ነው። ስለዚህ ሕግ ከወጣ በኋላ ምን እንደ ሠራ መመርመር የሕግ ምሁራን ብቻ ሳይሆን፣ ስለ ንድፍና ስለ ውጤቱ ማሰብ ልማዱ የሆነ ባለሙያ ሁሉ ጉዳይ ነው።

የዚህ ንግግር ርእስ በአሜሪካ ዩናይትድ ስቴትስ፣ በቴኔሲ ክፍለ ግዛት፣ በሁለት ጉዳዮች ላይ የተደረገው ክርክር ነው። አንዱ የመራጮች ምዝገባ፣ ሁለተኛው በእርግዝና ጊዜ አደንዛዥ ዕፅ መውሰድ ነው። ሁለቱም በ2019 በዚያው ምክር ቤት ቀርበው ተከራክረውባቸዋል። የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅ።

የምክር ቤቱ ታሪክ በአጭሩ

ምክር ቤቶቹ የሚሰበሰቡት በዋና ከተማው በናሽቪል፣ በኮረብታ ላይ በቆመው በታወቀው ሕንፃ ነው። ሥራው በ1845 ተጀምሮ በ1859 ተፈጸመ። ንድፉን ያወጣው አርክቴክትና መሐንዲስ ዊልያም ስትሪክላንድ ሕንፃው ሳያልቅ በ1854 ስለ ሞተ፣ አስከሬኑ በዚያው በሕንፃው ግድግዳ ውስጥ ዐርፏል። የእንደራሴዎች ምክር ቤቱ 99፣ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤቱ ደግሞ 33 አባላት አሉት።

ይህ ምክር ቤት በመምረጥ መብት ታሪክ ውስጥ የሚመሰገንበትም የሚወቀስበትም ሥራ ሠርቷል። ድምፅ መስጠት የሚፈልግ ሰው አስቀድሞ የነፍስ ወከፍ ግብር እንዲከፍል በ1890 የወጣው ደንብ ድኻውን፣ በተለይም ጥቁሩን ዜጋ፣ ከምርጫ ሲያርቅ ኖሮ ሙሉ በሙሉ የተሻረው የክፍለ ግዛቱ ሕገ መንግሥት በተሻሻለበት በ1953 ነው። ከ1901 ጀምሮ የምርጫ ወረዳዎች እንደ ሕዝቡ ብዛት ሳይስተካከሉ በመቅረታቸውም፣ የከተማ ነዋሪው ድምፅ ክብደቱን አጥቶ ነበር። ቤከር በካር ላይ ተብሎ የሚታወቀው ክስ ከዚሁ ከቴኔሲ ተነሥቶ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና፣ በ1962 ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን አቤቱታ ሊሰሙ እንደሚችሉ ተወሰነ።

በሌላ በኩል ለአሜሪካ ሴቶች የመምረጥ መብት የሰጠው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የሚያስፈልገውን የ36ኛውን ክፍለ ግዛት ድምፅ ያገኘው እዚሁ ናሽቪል ውስጥ፣ ነሐሴ 18 ቀን 1920 ነው። የ24 ዓመቱ እንደራሴ ሃሪ በርን በተቃውሞ ወገን ቆሞ ሳለ፣ እናቱ መብቱን እንዲደግፍ የጻፉለት ደብዳቤ በኪሱ ነበርና ሐሳቡን ለውጦ ደገፈ። የሴቶች ድምፅ በእናት ምክር የጸደቀበት ይህ ምክር ቤት ነው ከ94 ዓመት በኋላ ስለ እናቶች ቅጣት የተከራከረው።

ስለ መራጮች ምዝገባ

በብዙ አገሮች መራጩን ፈልጎ የሚመዘግበው መንግሥት ነው። በአሜሪካ ግን በአብዛኛው መዝጋቢውን ፈልጎ የሚሄደው ዜጋው ነው። በ1993 የወጣው የፌዴራል ሕግ ምዝገባው በመንጃ ፈቃድ መስጫና በሕዝብ ርዳታ መሥሪያ ቤቶች እንዲካሄድ በማዘዝ ሸክሙን አቃለለ። ኦሬጎን ደግሞ በ2015 ባወጣችው ሕግ ዜጋው ካልተቃወመ በስተቀር መንግሥት ራሱ እንዲመዘግበው አደረገች። ቴኔሲ በ2017 በኮምፒዩተር መመዝገብን ብትፈቅድም፣ ከምርጫው 30 ቀን በፊት ያልተመዘገበ ሰው ድምፅ አይሰጥም።

በዚህ ክፍተት የሚሠሩት በየመንደሩ፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየትምህርት ቤቱ ደጃፍ ቅጽ የሚያስሞሉ ማኅበራት ናቸው። በ2018 ጥቁር መራጮችን ለማስመዝገብ የተባበሩ ማኅበራት ወደ 90 ሺህ የሚጠጋ ቅጽ ሰበሰቡ። በሜምፊስ ከተማ የሚገኘው የምርጫ ጽሕፈት ቤት በመጨረሻው ቀን ወደ 10 ሺህ ቅጽ በአንድ ጊዜ መጣብኝ ሲል አመለከተ፤ ብዙዎቹም ያልተሟሉ ነበሩ።

የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ያቀረበው የሕግ ረቂቅ መነሻው ይህ ነው። የደጋፊዎቹ መከራከሪያ በቂ ምክንያት አልነበረውም ለማለት አይቻልም። የተዝረከረከ ቅጽ ሲከመር የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኛ የሚያመሸው፣ ዜጋውም ተመዝግቤአለሁ ብሎ ሄዶ ስሙን ከመዝገብ የሚያጣው እውነት ነው። ነገር ግን የተመረጠው መድኃኒት የገንዘብ መቀጮና የወንጀል ቅጣት ሆነ። አገረ ገዥው ቢል ሊ በግንቦት 2019 በፈረሙት ሕግ መሠረት፣ ስም፣ አድራሻ፣ የልደት ቀን ወይም ፊርማ የጎደላቸው 100 እና ከዚያ በላይ ቅጾችን ያስረከበ ድርጅት ይቀጣል፤ ቁጥሩ ከ500 ካለፈ መቀጮው እስከ 10 ሺህ ዶላር ይደርሳል። ሥልጠና ሳይወስድና ለባለሥልጣን ሳያስታውቅ ቅጽ የሚሰበስብ ደግሞ በወንጀል እንዲጠየቅ ተደነገገ። የተሰበሰበውም ቅጽ በ10 ቀን ውስጥ እንዲገባ ታዘዘ።

እዚህ ላይ የንድፉን ስሕተት ማየት ይቻላል። ቅጹን የሚሞላው መራጩ ነው፤ የሚቀጣው ግን አስሞዪው ነው። አስሞዪው ያልተሟላውን ቅጽ ቢያስረክብ መቀጮ ይከተለዋል፤ ቢያስቀር ደግሞ የዜጋውን ወረቀት ሸሸገ ይባላል። ከሁለቱ ለመዳን የሚቀረው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ጠረጴዛውን አጥፎ ወደ ቤት መመለስ ነው። የጥቁሮች መብት ማኅበርና የሴት መራጮች ማኅበር ይህንኑ በመግለጽ ከሌሎች ጋር ክስ መሠረቱ። የፌዴራል ዳኛዋ አሌታ ትራውገር መስከረም 12 ቀን 2019፣ ሕጉ በሥራ ላይ ሊውል ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቀረው፣ የእግድ ትእዛዝ ሰጡ። ምክር ቤቱም በ2020 ቅጣቶቹን ራሱ ሻራቸው። የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል እንደሚባለው መሆኑ ነው።

ይህ ጉዳይ በናሽቪልና በአካባቢዋ ለሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ሩቅ አይደለም። ዜግነት የተቀበለ ሰው መሐላውን በመፈጸሙ ብቻ በመራጮች መዝገብ አይገባም፤ ቅጽ መሙላት አለበት። የአባቱ ስም በአንዱ ሰነድ የቤተሰብ ስም፣ በሌላው መካከለኛ ስም ተደርጎ የተጻፈበት ሰው ቅጹን ሲሞላ የሚገጥመውን ግራ መጋባት የማያውቅ ስደተኛ ጥቂት ነው። በሰኔ 2024ም የክፍለ ግዛቱ የምርጫ ክፍል ከ14 ሺህ በላይ ለሆኑ የተመዘገቡ መራጮች ዜግነታቸውን እንዲያረጋግጡ ደብዳቤ ልኮ ነበር። ዝርዝሩ የተውጣጣው ከመንጃ ፈቃድ መዝገብ ስለ ነበር፣ ፈቃዱን ሲያወጡ የውጭ አገር ሰው የነበሩና በኋላ ዜግነት ያገኙ ሰዎች ተጠርጣሪ ሆነው ተገኙ።

ስለ ነፍሰ ጡሮችና ስለ አደንዛዥ ዕፅ

የሁለተኛው ክርክር መነሻ እውነተኛ መከራ ነው። በ2012 በቴኔሲ ለ100 ነዋሪ ከ140 በላይ የኦፒዮይድ ማስታገሻ መድኃኒት ማዘዣ ይጻፍ ነበር፤ ማዘዣዎቹ ከነዋሪው ቁጥር በለጡ ማለት ነው። በእናቱ ማኅፀን ሳለ ይህ መድኃኒት የለመደበት ሕፃን ከተወለደ በኋላ በድንገት ሲቋረጥበት ይንቀጠቀጣል፣ በቀጭን ድምፅ ያለ ማቋረጥ ያለቅሳል፣ መጥባት ይሳነዋል፤ ለሳምንታትም በሐኪም ቤት ሊቆይ ይችላል። ከ2013 መጀመሪያ አንሥቶ የጤና መሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ ሕመም ሁሉ እንዲመዘገብ ሲያዝ፣ በዚያው ዓመት ከ900 በላይ ሕፃናት ተቈጠሩ።

ምክር ቤቱ በ2013 የወሰደው የመጀመሪያ እርምጃ ሕክምና መፈለግን የሚያበረታታ ነበር፤ በጊዜ ወደ ሕክምና የገባች እናት በዚህ ምክንያት ብቻ ልጇን እንዳትነጠቅ የሚጠብቅ ሕግ አወጣ። በተከታዩ ዓመት ግን መንገዱን ለወጠ። የሪፐብሊካኑ ወገን እንደራሴ ቴሪ ሊን ዊቨርና የዴሞክራቱ ወገን የሜምፊስ ሴናተር ሬጂናልድ ቴት ባቀረቡት ረቂቅ፣ በእርግዝና ጊዜ ናርኮቲክ በሕገ ወጥ መንገድ ወስዳ ልጇ ሱሰኛ ሆኖ ወይም ተጎድቶ የተወለደባት ሴት በሰው አካል ላይ ጉዳት በማድረስ ወንጀል እንድትከሰስ ተፈቀደ። አገረ ገዥው ቢል ሃስላም በሚያዝያ 2014 ፈረሙበት። ሕጉ በዓይነቱ በአገሪቱ የመጀመሪያ ነበር። ቀላል በተባለው ክስ ቅጣቱ ወደ አንድ ዓመት የሚጠጋ እስራት፣ በከባዱ ደግሞ እስከ 15 ዓመት ነው። ልጁ ከመወለዱ በፊት ወደ ሕክምና ገብታ እስከ መጨረሻው ያጠናቀቀች ሴት ይህን እንደ መከላከያ ልታቀርብ ትችላለች።

ደጋፊዎቹ ሕጉ ለማሰር ሳይሆን ሴቲቱን ወደ ሕክምና ለመግፋት የታሰበ ዱላ መሆኑን ተናገሩ። የታላላቅ የሐኪሞች ማኅበራት አስተያየት ግን ተቃራኒ ነበር። ቅጣት የምትፈራ ሴት የምትሸሸው ዕፁን ሳይሆን ሐኪሙን ነው አሉ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ያገራችን አባባል የእነርሱን ክርክር በአጭሩ ይገልጸዋል። ከዚህም ሌላ በእርግዝና ጊዜ ኦፒዮይድን በድንገት ማቋረጥ አስጊ በመሆኑ፣ የሚመከረው ሕክምና በሜታዶን ወይም በቡፕረኖርፊን መደገፍ ነው፤ በዚህ መንገድ በታከመች እናት ልጅ ላይም ያው የመንቀጥቀጥ ሕመም ሊታይ ይችላል፤ ሕመሙም ይታከማል። ስለዚህ የሕፃኑ ምልክት ብቻውን የታከመችውን ካልታከመችው ለይቶ የሚያሳይ መለኪያ አይደለም። በመለኪያነት የማይታመን መሣሪያ ፍርድ እንዲመሠረትበት ማድረግ አደገኛ መሆኑን ይህ ጉባኤ ሳይነገረው ያውቃል።

ለሕግ አውጪዎቹ ሊነፈጋቸው የማይገባ ምስጋና አለ። ሕጉ ለሁለት ዓመት ብቻ እንዲጸና ገደብ አኑረውበት ነበር። ይህ በእርግጥ የሙከራ ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ 120 ያህል ሴቶች የተከሰሱ ሲሆን፣ የክስ መዝገቦቻቸውን የመረመሩት የቴኔሲ ዩኒቨርሲቲ የሕግ መምህርት ዌንዲ ባክ በ2022 ባሳተሙት መጽሐፍ ክሱ በዋነኛነት የወደቀው በድኾች ላይ መሆኑንና ተስፋ የተደረገው እንክብካቤም በአመዛኙ እንዳልተገኘ ጽፈዋል። በ2021 በጆርጅታውን የሕግ መጽሔት የወጣ የሁለት ምሁራን ጥናት ደግሞ ሕጉ በ2015 ብቻ ለ20 የፅንስ ሞትና ለ60 የሕፃናት ሞት ምክንያት ሳይሆን እንዳልቀረ ገምቷል። ግምት በመሆኑ ሊከራከሩበት ይቻላል፤ አቅጣጫው ግን ሐኪሞቹ አስቀድመው ያመለከቱት ነው።

በ2016 ሕጉን ለማራዘም የቀረበው ረቂቅ በንዑስ ኮሚቴ ወደቀና፣ ሐምሌ 1 ቀን ሕጉ ዘመኑን ጨረሰ። በ2019 እንደገና ቢቀርብም ሳይጸድቅ ቀረ።

ሁለቱ ጉዳዮች የሚገናኙበት

ሁለቱ ክርክሮች በአንድ ምክር ቤት በመቅረባቸው ብቻ የተጎዳኙ አይደሉም። በቴኔሲ በከባድ ወንጀል የተፈረደበት ሰው የመምረጥ መብቱን ያጣል። በ2006 የወጣው ሕግ ደግሞ መብቱን ለማስመለስ የሚጠይቀው ሰው ለልጅ ማሳደጊያ የሚከፈለው ቀለብ ውዝፍ እንዳይኖርበት አዘዘ። እንግዲህ በከባዱ ክስ ተፈርዶባት፣ ልጇ በሌላ እጅ እንዲያድግ ተደርጎ ቀለብ የተወሰነባት ድኻ ሴት፣ ስለ ራሷ የወጣውን ሕግ በድምፅዋ ልትቃወም የምትችልበት በር ተዘጋባት ማለት ነው። አንድ ንድፍ የሚሳሳትበትን ቦታ ነዳፊው ሊያውቅ የሚችለው ስሕተቱ የደረሰበት ሰው መናገር ሲችል ነው።

የምዝገባው ጠረጴዛና የሐኪም ቤቱ ደጅ የሚመሳሰሉትም በዚህ ነው። መንግሥት በሁለቱም ቦታ የሚፈልገው ሰው በፈቃዱ እንዲመጣ ነው። ሰው በፈቃዱ እንዲመጣ በሚፈለግበት ደጅ ላይ ቅጣት ሲተከል፣ ጥፋተኛው ብቻ ሳይሆን የሚፈራው ሁሉ ይመለሳል፤ የሚፈራውም ይበልጡን ድኻው፣ ስደተኛውና ሕመምተኛው ነው። ቅጣት ለሚገባው ጥፋት ስፍራ የለውም ለማለት አይደለም። የሐሰት ፊርማ የሚያኖር መዝጋቢ ይቀጣ፤ ነገር ግን ጎዶሎ ቅጽን ለማረም መቀጮ ሳይሆን በጊዜ የሚመልስ ሠራተኛና ግልጽ የሆነ ቅጽ ይበቃዋል። ሱስን ለማዳን ደግሞ ነፍሰ ጡሮችን የሚቀበል የሕክምና ስፍራና ከወሊድ በኋላ የማይቋረጥ ክትትል ያስፈልጋል። ቴኔሲ ራስዋ በሚያዝያ 2022 ለድኾች የሚሰጠውን የጤና መድን ከወሊድ በኋላ ከ60 ቀን ወደ 12 ወር ማራዘምዋ ወደዚህ የሚያመለክት እርምጃ ነው።

የሁለት ዓመቱ ገደብ አንድ ትምህርት ትቶ አልፏል። ሕግ ሲወጣ የሚፈተንበት ጊዜ፣ የሚለካበት ቁጥርና የሚመረምረው ወገን አብረው ቢወሰኑ ኖሮ፣ ስሕተቱን ለማወቅ የዳኛ እግድም ሆነ የዓመታት ጥናት መጠበቅ ባላስፈለገ ነበር። በየትኛውም አገር ሕዝብን በሚመለከት ሥራ ላይ ምክር የሚጠየቅ ባለሙያ በመጀመሪያ ሊያነሣው የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው፤ ሥራው ጎጂ ሆኖ ቢገኝ በምን ይታወቃል? የተጎዳውስ ሰው ለማን ይናገራል?