ካፒቴን ልዑል አባተና ጠላፊዎቹ



ዳኛችን «ስለ ሐይቅ አደጋ አንድ ነገር ተናገር» ቢሉኝ፣ እኔ ስለ አውሮፕላን አመጣሁባችሁ። ግን መጨረሻው ውኃ ነውና ታገሡኝ።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 ሦስት ሰዎች ጠለፉት። ረዳት አብራሪውን ዮናስ መኩሪያን ደብድበው አስወጡና፣ መጥረቢያ ይዘው፣ ቦምብም አለን ብለው፣ «አውስትራሊያ ውሰደን» አሉ። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ እንደማያደርስ ቢያስረዱ ማን ይስማ! አውሮፕላኑ 11 ሰዓት ይበራል የሚል ከመጽሔት አንብበዋላ። ቦምብ የተባለውም ኋላ የተሸፈነ የመጠጥ ጠርሙስ ሆኖ ተገኘ።

ካፒቴኑ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ተጠልፈው ያውቃሉ። ስለዚህ ነገሩን በብልሃት ይዘው፣ ጠላፊዎቹ ሳያውቁ ወደ ኮሞሮስ ደሴቶች አመሩ። ነዳጁ አልቆ ሞተሮቹ ሲጠፉ ግን ጠላፊዎቹ ታገሏቸው፤ በዚህ መኻል የአውሮፕላን ማረፊያው ከዓይናቸው ጠፋ። በአንድ ሆቴል ዳርቻ ባሕሩ ላይ አወረዱት። የግራው ክንፍ ቀድሞ ውኃ ነካና አውሮፕላኑ ተሰባበረ። ታንኳ የቀዘፈ፣ አንዱ ጎን ውኃ ሲይዝ የሚሆነውን ያውቃል።

የዳርቻው ሰዎች ፈጥነው ደረሱ። ከ175 ሰው 50 ተረፉ፤ 125 ሞቱ፣ ጠላፊዎቹም ጭምር። አንጀት የሚበላው፣ ብዙዎቹ የመንሳፈፊያ ጃኬታቸውን ገና ውስጥ ሳሉ ነፍተውት ነበር፤ ውኃው ሲገባ ወደ ጣሪያው አንሳፎ ያዛቸውና መውጫ አጡ።

ካፒቴን ልዑልና ዮናስ ተረፉ፤ ተሸለሙም። ሁለቱም ወደ በረራቸው ተመለሱ።