የውኃ ማስጠንቀቂያ ሲነበብ

የዛሬው ንባባችን ስለ ባሕር ውኃ ማስጠንቀቂያ ነው። «ባሕር የት አለንና?» ትሉኝ ይሆናል። ቆይ፣ ነገሩ ከፊደል ጋር ይገናኛል።

በአውሮፓ ሰሜን ባሕር የሚባል ባሕር አለ። በአንድ በኩል እንግሊዝ፣ በሌላ በኩል ሆላንድ አሉ። ባሕሩ በሰሜን ሰፊ ነው፤ ወደ ደቡብ ግን እንደ ቀንድ እየጠበበ ይሄዳል። በእነርሱ ክረምት፣ ማለት በእኛ በጋ፣ ከሰሜን ምዕራብ ኃይለኛ ነፋስ ሲነሣ ውኃውን ወደ ጠባቡ ጫፍ ይገፋዋል። ውኃው መሄጃ ሲያጣ ወደ ላይ ይነሣል። በዚያ ላይ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ከፍና ዝቅ ይላል። ጨረቃ ስትሞላና ስትወለድ ከፍታው ይብሳል። ነፋሱና ይህ ከፍታ አንድ ላይ ከመጡ ጉድ ነው።

ጥር 23 ቀን 1945 ዓ.ም. ቅዳሜ ሌሊት አንድ ላይ መጡ። በሆላንድ ከባሕሩ ዝቅ ያለ ብዙ መሬት አለ፤ በዚያ ሰው የሚኖረው ግድብ ተመክቶ ነው። ግድቡ በብዙ ቦታ ተደረመሰ። በሆላንድ 1,836 ሰዎች፣ በእንግሊዝም ከ300 በላይ ሰዎች ሞቱ። ብዙዎቹን ውኃው የደረሰባቸው ተኝተው ሳሉ ነው።

ልብ በሉ፤ በሆላንድ ማስጠንቀቂያ ነበር! የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቱ አደገኛ ውኃ እንደሚመጣ በዚያው ዕለት በቴሌግራም አስታውቋል። ቴሌግራሙ የደረሰው ግን ለጥቂቶች ነው። ራዲዮ ጣቢያዎቹም እንደ ልማዳቸው እኩለ ሌሊት ላይ ተዘጉ። በራዲዮ የምናገር ሰው ነኝና ይህ ያንገበግበኛል።

ኅዳር 26 ቀን 2006 ዓ.ም. እንዲሁ ሆነ። በእንግሊዝ ጠረፍ በአንዳንድ ቦታ ውኃው ከ1945ቱም በለጠ። ግን ግድቡ ጠንክሯል፣ ማስጠንቀቂያውም ቀድሞ ደርሷል። በሺህ የሚቆጠር ሰው ከቤቱ ወጥቶ አደረ።

እዚያ አገር ዘመድ ያላችሁ ትኖራላችሁ። በእንግሊዝ ማስጠንቀቂያው ሦስት ደረጃ አለው። የመጀመሪያው «ጎርፍ ሊመጣ ይችላልና ተዘጋጁ» ማለት ነው። ሁለተኛው «ጎርፍ ይመጣል፤ አሁኑኑ ተነሡ» ነው። ሦስተኛው «ለሕይወት ያሰጋል» ነው። ሦስተኛውን ያነበበ ሰው ዕቃ ልሰብስብ አይልም።

ሰዓቱንም ተጠንቀቁ። በእነርሱ አቆጣጠር ከሌሊቱ 2 ሰዓት የተባለው በእኛ አነጋገር ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። ይህን ያላወቀ እንግዳ በስድስት ሰዓት ይሳሳታል፤ በስድስት ሰዓት ውስጥ ውኃው ሊመጣ ይችላል።

እስቲ ለመልመጃ የጻፍሁትን አብረን እናንብብ፦ «ዛሬ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ውኃው ከግድቡ በላይ ይወጣል። ከወደቡ በታች ያላችሁ ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት ውጡ።» ሁለት ሰዓቶች አሉ። የመውጫው የትኛው ነው? አስምሩበት። እነማን እንዲወጡ ታዘዙ? እሱንም በደብተራችሁ ጻፉና ነገ ለመምህራችሁ አሳዩ።