ለአንድ ዩኒየን ስንት ሰርቨር ይበቃዋል?
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ከአዳማና ከሞጆ እስከ መቂና ባቱ ባሉት ዩኒየኖች ሥራው እየሰፋ ሄዷል። የአባላት ዕጣ፣ የማዳበሪያ ሥርጭት፣ የጤፍና የሽንኩርት ሽያጭ፣ የትርፍ ክፍፍል ሁሉ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር እየገባ ነው። ሰርቨር ማለት ይህን መዝገብ በአንድ ቦታ ይዞ ለቢሮው ኮምፒዩተሮች የሚያቀርብ ማሽን ነው።

ታዲያ ስንት ይገዛ? መልሱ የሚገኘው ከሥራው መጠን ነው። ለምሳሌ 40 መሠረታዊ ማኅበራት ያሉት፣ እያንዳንዱም 150 አባላት ያቀፈ ዩኒየን ቢወሰድ፣ ጠቅላላ አባላቱ 6,000 ይሆናሉ። ለአንድ አባል መዝገብ 10 ኪሎባይት ቢያዝ ድምሩ 60 ሜጋባይት ነው፤ ይህ በኪስ በሚያዝ ፍላሽ ላይ ይገባል። ስለዚህ ለሒሳብ አንድ፣ ለፋይል አንድ፣ ለኅትመት አንድ እያሉ ሰርቨር መደርደር የአባሉን ገንዘብ ማባከን ነው። አንድ መካከለኛ ሰርቨር ሥራዎቹን ለያይቶ ሁሉንም ያስኬዳል።

አንዱ ቢበላሽስ? በዝዋይ ሐይቅ ዳር በመስኖ የሚያለማ ገበሬ፣ ፓምፑ ቢቆም ሽንኩርቱ ስንት ቀን ይታገሣል ብሎ አስቀድሞ ያስባል። ዩኒየኑም እንዲሁ ሊያስብ ይገባል። በማዳበሪያ ሥርጭት ወቅት መዝገቡ ለሁለት ቀን ቢዘጋ ገበሬው ከመጋዘን በር ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ዝናቡ ግን አይጠብቀውም። ሁለተኛ ሰርቨር በተጠባባቂነት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ለሦስተኛው የታሰበው ገንዘብ ግን የተሻለ ቦታ አለው። አንደኛ፣ መብራት ሲቋረጥ ማሽኑ በድንገት እንዳይጠፋ ዩፒኤስ ይገዛበት። ሁለተኛ፣ ክፍሉ ከአዳማ ሙቀትና አቧራ ይጠበቅበት። ሦስተኛ፣ የመዝገቡ ቅጂ በየቀኑ እየተወሰደ ከሕንፃው ውጭ ይቀመጥ። ተጠባባቂው ሰርቨር ከዋናው ጋር በአንድ ክፍል ካለ፣ ሌባም እሳትም ሁለቱን አንድ ላይ ይወስዳቸዋል። ቅጂው በትክክል መመለሱም በየጊዜው ይሞከር።

አገልግሎቱን ከሩቅ ማዕከል በኪራይ ማግኘትም ይቻላል። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የተዘረጋው ወረዳኔትም ወረዳዎችን በሳተላይት ከማዕከል ጋር ያገናኘ ነበር። ነገር ግን መስመር ሲቋረጥ ሥራው አብሮ ይቆማል፤ ኪራዩም በየወሩ ይከፈላል። ሁለቱን አመዛዝኖ መምረጥ ያሻል።

ግዥው ለጠቅላላ ጉባኤ ሲቀርብ አባላት ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ማሽኑ ምን ይሠራል? ቢቆም ማን ይጎዳል? ቅጂውስ የት ነው? የእነዚህ መልስ ሲታወቅ ቁጥሩ ራሱ ይወጣል።