በባትሪ አሞላል ስሕተት በመኪና ኤሌክትሪክ ላይ ስለሚደርሰው ጉዳትና ስለ አመረማመሩ፤ በኢተያ የተሰጠ ዲስኩር



ካዱ እየተባለ ይጠራ የነበረው የጭላሎ እርሻ ልማት ሥራ በስዊድን መንግሥት ርዳታ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1967 ዓ.ም. አሰላ ላይ ከተመሠረተበት ዘመን ጀምሮ፣ የአርሲ ገበሬ ከሞተር ጋር የተዋወቀው ትውውቅ እየጸና ሄዶ፣ ዛሬ በሄጦሳ ወረዳ የስንዴው አዝመራ በደረሰ ጊዜ ማጭድ ይዞ ከሚሰለፈው ሰው ይልቅ የኮምባይነር ተራ የሚጠብቀው እንደሚበዛ ከእናንተ ከኢተያ ሰዎች የተሰወረ አይደለም። ይህ ዋጋው ከባድ የሆነ መሣሪያ ግን ከዓመቱ የሚበዛውን ወራት ያለ ሥራ ቆሞ ይከርማል፤ ባትሪውም ማንም ሳያየው ኃይሉን ቀስ በቀስ አፍስሶ፣ በኅዳር ማለዳ ውርጩ ገና ከሣሩ ላይ ሳይነሣ ቁልፉ ሲዞር፣ ሞተሪኖው አንድ ጊዜ ጠቅ ብሎ ዝም ይላል። ያን ጊዜ ነው እንግዲህ ባትሪው በጥድፊያ ተነቅሎ ወደ ቻርጅ ቤት የሚሄደው፣ ወይም በአጠገቡ ከቆመው አይሱዙ ገመድ የሚዘረጋው፤ ዛሬ የምንመረምረውም ስሕተት የሚወለደው ሁሉ ሰው በሚቸኩልባት በዚያች ሰዓት ነው። በመንገዱ ላይ ወደ አዳማና ወደ አሰላ የሚመላለሱት ሚኒባሶችና የቤት መኪናዎችም ከዚሁ ዕጣ ነፃ አይደሉም።

ልናገረው የተነሣሁበት ቁም ነገር አንድ ነው። የኤሌክትሪክ ጉዳት የሚገኘው ኃይሉ ባለፈበት መንገድ ላይ ብቻ ስለ ሆነ፣ የተፈጸመው ስሕተት ከየትኛው ዓይነት እንደ ሆነ አስቀድሞ የለየ መርማሪ እኩሌታውን ሥራ ፈጽሟል፤ ይህን ሳይለይ ዕቃ መለወጥ የጀመረ ግን፣ በጥንቱ ሥርዓት ጥፋተኛው ባልታወቀ ጊዜ የአገሩ ሰው ሁሉ በአፈርሳታ ታግዶ እንደሚውል፣ ደኅናውንም የተበላሸውንም በአንድነት ያጉላላል፤ ልዩነቱ በአፈርሳታው ንጹሑ ሰው በመጨረሻ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ከመኪናው የተነቀለው ደኅና ዕቃ ግን ተመልሶ አለመግባቱና ዋጋውንም ባለንብረቱ መክፈሉ ነው። ይህ ነገር በብዙ ቦታ ሲፈጸም አይቼ ስላዘንኩ ነው ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩት።

ባትሪ፣ ፈረንሳዊው ሊቅ ጋስቶን ፕላንቴ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1859 ዓ.ም. ከእርሳስና ከሰልፈሪክ አሲድ ካዘጋጀው ጥንተ ነገር በባሕርዩ ያልራቀ ዕቃ ነው። ባለ 12 ቮልት የምንለው ስድስት ሴሎች የተቀጣጠሉበት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ሴል ሲሞላ 2.1 ቮልት ያህል ስለሚይዝ፣ ሙሉው ባትሪ ዐርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት፣ እኩሌታው ሲጎድል 12.2 ያህል፣ ባዶ ሲሆንም ከ11.9 በታች ያሳያል። በተሞላ ጊዜ የፖዘቲቩ ፕሌት ቡናማ የእርሳስ ኦክሳይድ፣ የኔጌቲቩ ግራጫ እርሳስ ነው፤ ፈጽሞ ሲራቆት ግን ሁለቱም ወደ አንድ ዓይነት ሰልፌት ስለሚለወጡ፣ በመካከላቸው የነበረው የባሕርይ ልዩነት ሊጠፋ ይቃረባል። ይህን በልባችሁ ያዙልኝ፤ ጥቂት ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ከስሕተቶቹ ሁሉ የታወቀው ገመዱን መገልበጥ፣ ማለት የፖዘቲቩን ለኔጌቲቭ፣ የኔጌቲቩን ለፖዘቲቭ መስጠት ነው። ብዙዎቹ የእንግሊዝ መኪኖች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እስከ 1960ዎቹ እኩሌታ ድረስ ፖዘቲቩን ከሻሲው ጋር አስረው ይሄዱ በነበረበት፣ ኃይል ማመንጫቸውም በብሩሽና በኮሚውቴተር እንጂ በዳዮድ በማይሠራበት በዚያ ዘመን፣ ይህ ስሕተት ዛሬ የሚያስከፍለውን ያህል አያስከፍልም ነበር። ዛሬ ግን በልማድ ዲናሞ እያልን የምንጠራው አልተርኔተር በውስጡ ቢያንስ ስድስት ዳዮዶች አሉት፤ የዳዮድም ጠባዩ ኃይልን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ማሳለፍ ስለ ሆነ፣ ባትሪው ተገልብጦ ሲታሰር ስድስቱም በአንድነት ተከፍተው ሁለቱን የባትሪ ጫፎች ያለ ከልካይ ያገናኟቸውና፣ በመቶ የሚቆጠር አምፔር በቅጽበት ይጎርፋል። መኪናውን የሠሩት መሐንዲሶች ይህን አስቀድመው ስላወቁ፣ በዚያው መንገድ ላይ እንደ መኪናው መጠን ከ80 እስከ 140 አምፔር የሚሸከም ዋና ፊውዝ አኑረዋል። ፊውዙ ከዳዮዶቹ ቀድሞ ከቀለጠ፣ ዲናሞው ድኗል ማለት ነው፤ ስለዚህ የቀለጠ ዋና ፊውዝ ያገኘ ባለሙያ የመጀመሪያ ስሜቱ ተስፋ እንጂ ድንጋጤ ሊሆን አይገባም። በፊውዙ ፈንታ ወፍራም ሽቦ አስሮ መኪናውን የሚያስነሣ ሰው ግን የቀረውን ብቸኛ ጠባቂ አጥፍቶ፣ ቀጥሎ ለሚመጣው ጥፋት የእሳት መንገድ ከፍቷል፤ በዚህ ነገር ላይ ምንም ዓይነት ልመና ልቀበል አልችልም።

ሁለተኛው ስሕተት ከሁሉ ረቂቅ ስለ ሆነ በእርሱ ላይ ጥቂት ልቆይ። ፈጽሞ የተራቆተ ባትሪ በቻርጅ ቤት ውስጥ ገመዱ ተገልብጦ ቢታሰርና ሌሊቱን ቢያድር፣ ቀደም ብዬ እንደ ተናገርኩት ሁለቱ ፕሌቶች ልዩነታቸውን አጥተው ስለ ነበር፣ ባትሪው በተገለበጠው ሥርዓት ሊሞላ ይችላል። በማግሥቱ ባለንብረቱ ሲረከበው ቀዩ ምልክት በቦታው አለ፤ ወፍራሙ ጫፍም ያው የፖዘቲቩ ነው፤ ምልክቱን አይቶ በትክክል ያስረዋል፤ መኪናው ግን ገመድ እንደ ተገለበጠበት ሆኖ ይጎዳል። ያሰረውም ሰው በእውነት ተሳስቼ አላሰርኩም ብሎ ይምላል፤ መሐላውም እውነት ነው። ይህን ምሥጢር የሚገልጠው ቴስተር ብቻ ነው፤ ቀዩን ጫፍ በፖዘቲቭ፣ ጥቁሩን በኔጌቲቭ አኑራችሁ ስትለኩ ከቁጥሩ በፊት የመቀነስ ምልክት ካያችሁ፣ ባትሪው ተገልብጦ ተሞልቷል። እንዲህ ያለውን ባትሪ በአምፖል አራቁቶ እንደ ገና በትክክል መሙላት ቢቻልም፣ ፕሌቶቹ ስለሚጎዱ ዕድሜው አጭር ይሆናልና፣ አዝመራ ለሚያጭድ ኮምባይነር አላምነውም።

ሦስተኛው በእኛ መንገድ ላይ ዘወትር የሚያጋጥመው፣ ባለ 24 ቮልቱ አይሱዙ ለባለ 12 ቮልቷ የቤት መኪና የሚያደርገው ርዳታ ነው። የጭነት መኪናው ሁለት ባትሪዎች በተከታታይ ስለ ታሰሩ፣ ገመዱ ከአንደኛው ባትሪ ሁለት ጫፎች ብቻ ከተወሰደ 12 ቮልት ሲሰጥ፣ ከሁለቱ ዳርቻዎች ከተወሰደ ግን እጥፉን ይልካል። ይህን ስሕተት ከመገልበጥ የምንለይበት ምስክር ተራው አምፖል ነው፤ ክር ያለው አምፖል ኃይሉ ከየትኛውም ወገን ቢመጣ ስለማይገደው በመገልበጥ ጊዜ ይተርፋል፣ በ24 ቮልት ጊዜ ግን በርተው የነበሩት አምፖሎች በአንድነት ይቃጠላሉ። ስለዚህ ወደ ጋራዥ የገባችን መኪና የፍሬንና የፊት መብራቷን አምፖሎች ነቅሎ ያየ ሰው፣ ሹፌሩ አፍሮ የደበቀውን ነገር ያለ ጭቅጭቅ ያውቀዋል።

አራተኛው ከባለሙያው ከራሱ የሚመጣ ነው። ዲናሞው መሥራቱን ለማወቅ ሞተሩ በሚዞርበት ጊዜ የባትሪውን ገመድ መንቀል፣ በአሮጌው ዘመን መኪና ላይ የተማርነው ልማድ ነው፤ ያስተማሩንንም አባቶች ለዘመናቸው መኪና አውቀው ነበርና አልነቅፋቸውም። በዛሬው አልተርኔተር ላይ ግን ባትሪው በድንገት ሲለይ፣ ዲናሞው ሲያመነጭ የነበረው ኃይል ማረፊያ አጥቶ ለጥቂት የሰከንድ አሥረኛ ክፍሎች ያህል ወደ 100 ቮልት ሊደርስ ይችላል፤ ይህም ማዕበል የሞተሩን ኮምፒውተር፣ ሬዲዮውንና የራሱን የዲናሞውን ሬጉሌተር ያገኛቸዋል። በማሳ ላይ የተሰበረ ብረት ሲበየድ የኮምባይነሩን ባትሪ ሳይፈቱ መበየድም ከዚሁ ወገን የሚቆጠር ጥፋት ነው።

አሁን ወደ ምርመራው ሥርዓት ልግባ። መርማሪው ከሁሉ አስቀድሞ ባትሪውን ከመኪናው ለይቶ ይለካ፤ ደኅና ባልሆነ ባትሪ የሚደረግ ምርመራ ሁሉ ሐሰተኛ ምስክር ነውና። ቀጥሎ ዋናውን ፊውዝ፣ ከዚያም ትንንሾቹን ፊውዞች በዓይን ሳይሆን በቴስተር ይመልከት፤ በዓይን ደኅና የሚመስል ብዙ ፊውዝ በውስጡ ተበጥሷል። የተቃጠለውን ለውጦ አዲሱም ወዲያው ከተቃጠለ፣ ሦስተኛና አራተኛ ፊውዝ ማባከን የለበትም፤ በፊውዙ ቦታ ባለ 21 ዋት አምፖል በሁለት ሽቦ ያስር። አምፖሉ ወደ ሁለት አምፔር ከሚጠጋ በላይ ስለማያሳልፍ ምንም ነገር ሳይቃጠል፣ በመንገዱ ላይ የተገናኘ ነገር ካለ በሙሉ ኃይሉ ይበራል፤ ያን ጊዜ በዚያ ፊውዝ ሥር ያሉትን ዕቃዎች ሶኬታቸውን አንድ በአንድ እየነቀለ ይጠብቅ፤ የትኛው ሲነቀል አምፖሉ ከጠፋ ጥፋቱ በዚያ ውስጥ ነው። ዋጋው ከአንድ አምፖል የማይበልጥ ይህ ብልሃት፣ ውድ የሆነው የዲያግኖስቲክ ማሽን የማይሰጠውን መልስ ስለሚሰጥ፣ ተማሪዎች ሆይ፣ ከሌላው ትምህርታችሁ ሁሉ አስቀድማችሁ በእጃችሁ እንድትለማመዱት እለምናችኋለሁ።

እንበልና አምፖሉ የጠፋው የሞተሩ ኮምፒውተር ሶኬት ሲነቀል ነው። ይህም ቢሆን ኮምፒውተሩ ሞቷል ለማለት ገና አይበቃም፤ በብዙዎቹ ኮምፒውተሮች መግቢያ ላይ ኃይሉ ተገልብጦ ሲመጣ ራሱን ሠውቶ ፊውዙን የሚያቃጥል መከላከያ ዳዮድ አለ፤ እርሱ ሲሠዋ ሁለቱ ጫፎቹ ተጣብቀው ይቀራሉና፣ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ያን አንድ ዳዮድ የሚለውጥ የኤሌክትሮኒክስ ባለሙያ ብዙ ጊዜ ሙሉውን ዕቃ ያድነዋል። ያገለገለ ኮምፒውተር ከአዲስ አበባ አስመጡ ብሎ ባለንብረቱን ለብዙ ሺህ ብር ወጪ መዳረግ ከዚህ በኋላ የሚመጣ እንጂ ከዚህ የሚቀድም ፍርድ አይደለም። ማሽኑ የሚያነባቸውን የስሕተት ቁጥሮችም ቢሆን፣ ከእነርሱ ብዙዎቹ ቮልቱ በወረደ ጊዜ የተመዘገቡ ስለሚሆኑ፣ በደኅና ባትሪ ላይ አጥፍቶ፣ መኪናውን ነድቶ፣ እንደ ገና የተመለሱትን ብቻ ማመን ይገባል።

ዲናሞውም በሦስት መንገድ ይመረመራል። ባትሪው ተለይቶ በቴስተሩ የዳዮድ መለኪያ ከዲናሞው አካል ወደ ዋናው ወፍራም ጫፍ ሲለካ፣ በአንዱ አቅጣጫ ወደ አንድ ቮልት የሚጠጋ፣ በሌላው ግን ምንም ማሳየት የለበትም፤ በሁለቱም ወገን ዜሮ ካሳየ ዳዮዶች ተቃጥለው ተጣብቀዋል። ሞተሩ ተነሥቶ መብራት ሲበራ በባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መታየት አለበት፤ ከ15 በላይ ከሆነ ሬጉሌተሩ ተጎድቷል። በዚያው ሁኔታ ቴስተሩ ወደ ተለዋዋጭ ኃይል ተዛውሮ ከ0.5 ቮልት በላይ ካሳየ፣ ሙሌቱ በቂ ቢመስልም ከዳዮዶቹ አንዱ ታሟል። ይህ የመጨረሻው ምርመራ ቸል ስለሚባል ነው ብዙ ሰው መኪናዬ ተሠርታ ወጥታ በሦስተኛው ቀን ባትሪ ጨረሰች እያለ የሚመለሰው፤ የሚያፈስ ዳዮድ አንድ አምፔር ብቻ ቢያሳልፍ፣ ባለ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪ በሁለት ቀን ተኩል ባዶ ይሆናልና። ስለዚህ መኪናዋ ከመውጣቷ በፊት ሁሉ ነገር ጠፍቶ፣ በሮቹ ተዘግተው አንድ ሰዓት ያህል ካለፈ በኋላ፣ ከባትሪው የሚወጣው ኃይል ይለካ፤ ከ50 ሚሊ አምፔር በላይ ከሆነ ሥራው አላለቀም።

በኤሌክትሪክ የሚሄዱት መኪናዎች ወደ አገራችን እየበዙ በመምጣታቸው ይህ ሁሉ ትምህርት ያረጃል የሚል ሰው ቢኖር፣ እነርሱም በአብዛኛው ከትልቁ ባትሪ ሌላ ባለ 12 ቮልት ትንሽ ባትሪ እንዳላቸው፣ መሪ ኮምፒውተሮቻቸውም በእርሱ እንደሚነቁ ልንገረው፤ ብርቱካናማ ልባስ ያላቸውን ወፍራም ገመዶች ግን በብዙ መቶ ቮልት የሚሠሩ ስለ ሆኑ፣ ለዚያ ያልሠለጠነ ሰው እንዳይነካቸው አጥብቄ እናገራለሁ።

በመጨረሻ የምለምነው የቻርጅ ቤት ባለቤቶችን ነው። ማንኛውም ባትሪ ቻርጅ ላይ ከመዋሉ በፊት ተለክቶ ቁጥሩ ይጻፍ፤ ሙሌቱም ከአምፔር ሰዓቱ አንድ አሥረኛ በማይበልጥ ኃይል ይሁን፤ ከሙሌቱ የሚወጣው ሃይድሮጅን ከአየሩ 4 በመቶ ሲደርስ በእሳት ብልጭታ ስለሚፈነዳ፣ ገመዱ የሚታሰረውም የሚፈታውም ቻርጀሩ ከጠፋ በኋላ፣ መስኮቱም ተከፍቶ ይሁን፤ ባትሪው ለባለቤቱ ሲመለስም በፊቱ እንደ ገና ተለክቶ፣ ቮልቱና ቀኑ በጠመኔ በባትሪው ላይ ይጻፍለት። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ቴስተርና የጥቂት ደቂቃ ትዕግሥት ስለ ሆነ፣ ዘንድሮ ኮምባይነሮቹ ወደ ማሳ ከመውረዳቸው በፊት፣ በኢተያም በሁሩታም ያላችሁ የቻርጅ ቤት ባለቤቶች ይህን እንድትጀምሩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።