ወንፈል ለከተማ ጎረቤት

አንደኛ አቅራቢ፦ ገንዘብ ከእጅ በራቀ ጊዜ ሙያን በሙያ፣ ጉልበትን በጉልበት መለዋወጥ ለአገራችን ሰው እንግዳ ሥርዓት እንዳልሆነ፣ በነሐሴ የጤፍ አረም ሲበረታ፣ በኅዳርም አዝመራው ለአጨዳ ሲደርስ፣ ባላገሩ በወንፈል ተራ ገብቶ ዛሬ በአንዱ፣ ነገ በሌላው ማሳ እየዋለ ሥራውን መፈጸሙ ምስክር ነው።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ እውነት ነው፣ ወንድሜ። በደቦ ጠሪው እህልና ጠላ አሰናድቶ ብዙ ሰው በአንድ ቀን ሲያሠራ፣ በወንፈል ግን የተቀበሉትን የሥራ ቀን በሥራ ቀን መመለስ ግዴታ ስለሆነ፣ ለድግስ አቅም ያጣ ሰው የሚጠጋው ወደ ወንፈል ነው። ይህን ሥርዓት ወደ ከተማ ብናመጣው፣ ልብስ ሰፊዋ የአናጢውን ልጆች ዩኒፎርም ብትሰፋ፣ አናጢው የመምህሩን በር ቢጠግን፣ መምህሩም የልብስ ሰፊዋን ልጅ ሒሳብ ቢያስጠና፣ ለሙያ ዋጋ አንድ ብር ሳይከፈል የሦስት ቤት ችግር ይቃለላል።

አንደኛ አቅራቢ፦ ሆኖም፣ እኅቴ፣ ያለ ውል የተጀመረ ውለታ ቂም እንዳይወልድ፣ የሥራው ልክና ቀኑ፣ ምስማሩንና ክሩንም የሚገዛው ማን እንደሆነ አስቀድሞ በግልጽ መነጋገር ይገባል።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ አረጋውያንም ከዚህ ልውውጥ አይገለሉ፤ ጥጥ የምትፈትል፣ የጎረቤት ሕፃን የምትጠብቅ እናት የምታበረክተው አገልግሎት ከማንኛውም ሙያ የማያንስ ነውና፣ ምጽዋት ተቀባይ ሳትሆን ባለድርሻ ናት። ስለዚህ፣ አድማጮቻችን፣ ለጎረቤታችሁ ልትሠሩለት የምትችሉትን ንገሩት፤ የሚያስፈልጋችሁንም ሳታፍሩ ጠይቁት።