ቢስክሌትና ድንኳን በደረቅ ወንዝ ዳር



ቢስክሌት የተወለደው በወንዝ አጠገብ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። በ1809 ዓ.ም. ካርል ፎን ድራይስ የተባለው ጀርመናዊ ባለ ሁለት መንኰራኵር የእንጨት መሣሪያውን በእግሩ መሬት እየገፋ የነዳው፥ በራይን ወንዝ ዳር ካለችው ከማንሃይም ከተማ ተነሥቶ ነበር። ዛሬም የአውሮፓ ወጣቶች ከፓሳው እስከ ቪየና በዳኑብ ዳር 300 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛሉ፤ መንገዱም በብዙ ስፍራ ቀድሞ ፈረሶች ጀልባ ሽቅብ ይጐትቱበት የነበረው ነው። ወንዙ መንገደኛውን ይመራዋል፤ ሲመሽም በዳሩ ድንኳኑን ይተክላል።

በሐርጌሳ ግን ወንዝ ማለት ሌላ ነገር ነው። ከተማይቱን ለሁለት የሚከፍላት ማሮዲ ጄህ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው። ማሮዲ በሶማልኛ ዝሆን ማለት ነው፤ ዛሬ ግን በዚያ ዝሆን የለም፥ ስሙ ብቻ ቀርቷል። ውሃው ግን ፈጽሞ አልጠፋም፤ በአሸዋው ሥር ስላለ የሚሻው ሰው ይቈፍራል።

እንግዲህ ተማሪዎችን በቢስክሌት ይዞ የሚወጣ መምህር፥ ከወንዝ ዳር መስፈር መልካም ነው የሚለውን የአውሮፓ ምክር እንዳለ ቢቀበል ልጆቹን ለአደጋ ያጋልጣል። ለስላሳው አሸዋ ለመኝታ ይጋብዛል፤ ነገር ግን በሩቅ ተራራ የዘነበው ዝናብ፥ በሰፈሩበት ሰማይ አንዳች ደመና ሳይታይ፥ በሌሊት ደራሽ ሆኖ ይወርዳል። የግመል ጠባቂ ልጅ ይህን ከማንም በፊት ያውቃል። ጐርፍ በቍጥቋጦው ላይ ትቶት የሄደውን ገለባ አይቶ፥ ከዚያ ከፍ ካለው መሬት ላይ ያድራል። እናቱ ከጐበጠ እንጨትና ከሰሌን የምትተክለው፥ በግመል ተጭኖ የሚጓዘው አቃልም ከሸራ ድንኳን የሚያንስ ጥበብ አይደለም። ትምህርት ቤት ይህን ልጅ ፊደል ተቀባይ ብቻ አድርጎ ሲያስቀምጠው የመንገዱን መሪ ያጣል፤ በጉዞ ቀን ፊት መቅደም የሚገባው እርሱ ነውና።

ለእንዲህ ያለ ጉዞ ከላስ ጌል የሚሻል ስፍራ በአቅራቢያው አይገኝም። ከሐርጌሳ ወደ በርበራ በሚወስደው መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፥ ከዋናው መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ፥ ሁለት ደረቅ ወንዞች የሚገናኙበት ነው። የአገሩ ሰዎች ከጥንት ቢያውቁትም፥ በ1995 ዓ.ም. የፈረንሳይ ሊቃውንት መርምረው ለዓለም አስታወቁት። በዋሻዎቹ ጣራና ግድግዳ ላይ በቀይና በነጭ ቀለም አንገታቸው ያጌጠ ላሞች፥ በሥራቸውም እጃቸውን የዘረጉ ሰዎች ተሥለዋል፤ ዕድሜያቸውም በሺህ ዓመታት ይገመታል። ላስ ጌል የግመል ጕድጓድ ማለት ነው፤ ሥዕሉ ግን ከሁሉ በላይ የሚያሳየው ላምን ነው። ላም ደግሞ እንደ ግመል ጥምን አትችልም። ስለ ምድሪቱ መድረቅ ከዚህ የበለጠ የጂኦግራፊ ትምህርት በሰሌዳ ላይ ማስተማር አስቸጋሪ ነው። ለመግባት አስቀድሞ ፈቃድ ማግኘት፥ እሳትንም ከዋሻው ማራቅ፥ ቀለሙ ጐልቶ እንዲታይ በማለት ውሃ አለመርጨት ግድ ነው።

ሐርጌሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,300 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለምትገኝ መሄጃው በአመዛኙ ቍልቍለት ነው፤ ሕፃናቱም ይደሰቱበታል። የዳኑብ መንገደኛ ሲደክመው በባቡር ይመለሳል፤ የላስ ጌል መንገደኛ ግን ፀሐይን ተሸክሞ ዳገቱን ይወጣል። ስለዚህ ቢስክሌቶቹን የሚጭን መኪና ከመነሣት በፊት ይታዘዝ፤ ውሃውም ለመመለሻው ተለይቶ ይቀመጥ።